ብርቱካናማው ማሰሪያ

በሰፈሩ ብርቱካናማ ማሰሪያ ሳያደርግ መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ዕጣው አያምርም። ደንቡ ግልጽ ነው። ውሻም ሆነ ድመት ያለው ሰው በየዓመቱ ለእብድ ውሻ በሽታ ያስከትባል፤ ለተከተበው እንስሳ አንገቱ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ማሰሪያ የሌለውን የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ይዘውት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም አይሰማ። ሳያስከትብ ማሰሪያ ያሰረ ሰው ደግሞ ይከሰሳል። ድመቶቹ ማሰሪያውን ቤት ሳይደርሱ አውልቀው ስለሚጥሉት ደንቡ እነሱን እንዳላየ ያልፋቸዋል። ድመትን ማን አዞ ያውቃል?

ማሰሪያዎቹን የምትሰፋው ልብስ ሰፊዋ ናት። ዘንድሮ የእንስሳት ጤና ቢሮ ትዕዛዙን ያመጣላት ክትባቱ ሊጀመር ሲል ነበር። ቢሮ መቼም ቢሮ ነው፤ ከርሞ ከርሞ በመጨረሻው ሰዓት ሰውን ያጣድፋል። በክትባቱ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ውሻውን በገመድ እየጎተተ፣ ድመቱን በጆንያ ተሸክሞ በበሯ ሲያልፍ እሷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አላለችም። አንዱን እሽግ ስትጨርስ ሌላውን የሚወስድ መልእክተኛ ይመጣባታል። የገዛ ውሻዋ ቁራጭ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ እንደ ስሙ የጨርቅ ቁራጭ ክምር ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። «ይህችን ልጨርስና እወስደዋለሁ» ትላለች። ያችን ስትጨርስ ሌላ ትመጣለች።

በመጨረሻ ውሻዋን አስከትላ ክትባቱ የሚሰጥበት ሜዳ ስትደርስ ጠረጴዛው ታጥፏል፤ የእንስሳት ሐኪሙም የበረዶ ሳጥኑን መኪና ላይ እየጫነ ነው።

«የኔ እህት፣ ክትባቱ አለቀ እኮ» አላት፤ እሱም አፍሮ። «የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስጊጠሽ ያንቺን ረሳሽው? ሰኞ ቢሮ ይዘሽው ነይ። እስከዚያ እሰሪው፣ ከደጅ እንዳይወጣ።»

ማሰር ማለት በአፍ ቀላል ነው። ቁራጭ ታስሮ አያውቅም። ገመዱ ገና አንገቱን ሲነካው እሪ አለ፤ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ብቅ ብቅ አለ። ጠረጴዛዋ ላይ ከትዕዛዙ የተረፈ ብርቱካናማ ጨርቅ ነበር። እጇ ከልቧ ቀደመ። ሰፋችው፣ አሰረችለት፣ በሩን ከፈተችለት። ሰኞ መሆኑ የማይቀረውን ዛሬ ባስቀድመው ምን አለበት አለች። ሰኞ የሚዜዎች ቀሚስ ተደራረበባት። በሚቀጥለው ሰኞ የስፌት መኪናዋ ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ ተረሳ ማለት ይቀል ነበር፤ እውነቱ ግን አልተረሳም። ማሰሪያውን ባየች ቁጥር ትዝ ይላታል፣ ትዝ ባላት ቁጥርም ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ማዞሩም ቀረ፤ ቁራጭ የተከተበ ውሻ መሰላት።

የግድግዳ ጎረቤቷ ጋሼ ማርሽ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰው ሲጣላ «ማርሽ ቀይሩ እንጂ!» እያለ ስለሚገላግል ስሙ ማርሽ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከሱቋ በር ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጥና ከቤቱ በፌስታል ያመጣውን አጥንት ለቁራጭ እየወረወረ የመንገዱን ሹፌር ሁሉ ይሳደባል። ለልብስ ሰፊዋ ከአባት አይተናነስም። አባቷ ሲሞት አስከሬኑን ከሩቅ አገር በመኪናው ጭኖ ያመጣላት እሱ ነው፤ ይህን ግን አንድ ቀን አንስቶባት አያውቅም።

በዓለም ላይ የሚፈራው ነገር ቢኖር መርፌ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ፍሬን ተበጥሶበት ያልደነገጠ ሰው መርፌ ሲያይ ቆሌው ይገፈፋል። ቢሆንም የሚስቱን ድመት ለማስከተብ ጆንያ ውስጥ ከትቶ የወሰደው ራሱ ነበር። እጁ በጥፍር ተቧጭሮ ተመለሰና፣ «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የያዝኳት፤ ከሁለታችን የጮህኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሰፈሩን አስቆ ነበር።

አንድ ሳምንት ቁራጭን ጤና ነሳው። የተወረወረለትን አጥንት ያሸትና ይተዋል። ከጠረጴዛው ሥር፣ ጨለማው ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ድምፁም ሻከረ፤ የሌላ ውሻ ድምፅ መሰለ። ልብስ ሰፊዋ ብርድ መትቶት ይሆናል አለች። እንዲህ ብላ ለራሷ ስትነግረው ግን ሆዷ አላመናትም፤ የበሽታውን ምልክት ሐኪሙ ትዕዛዝ ሊሰጣት በመጣ ጊዜ ሁሉ ሲያወራው ሰምታዋለችና።

ጋሼ ማርሽ የመጣው በዚያ መሃል ነው። «ምን ሆነ ይሄ ጎበዝ? ተኳረፋችሁ?» አለና ጎንበስ ብሎ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደ። ቁራጭ አላጉረመረመም፤ አላስጠነቀቀም። የእጁን አንጓ ጥርቅም አድርጎ ነከሰው። ከዚያ በጠረጴዛው እግር መሃል ተሹለክልኮ እግሬ አውጪኝ አለ። ከሩቅ የታየው ብርቱካናማው አንገቱ ብቻ ነበር።

ጤና ጣቢያ ይዛው የሄደች እሷ ናት። ነርሷ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አጠበችው። ጋሼ ማርሽ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ መርፌ ያለበትን መደርደሪያ ላለማየት ይታገላል። ልብስ ሰፊዋ ኮቱን ክንዷ ላይ አድርጋ ከጎኑ ቆማለች።

«ውሻው ማሰሪያ አለው?» አለች ነርሷ።

«የለውም እንዴ!» አለ ጋሼ ማርሽ። «የሷ ውሻ ነው እኮ፤ ይቺ ማሰሪያዎቹን የምትሰፋዋ። እሱ ያልታሰረ ማን ሊታሰር ነው?»

ነርሷ ቀና ብላ ልብስ ሰፊዋን አየቻት። ፈገግ አለችላት። ያን ጊዜ ነበር መናገር። አንዲት ቃል ነበረች፤ አፏ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ክሱ ታያት፣ የሱቋ በር ላይ የሚለጠፈው የማሸጊያ ወረቀት ታያት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጋሼ ማርሽ ፊት እንዴት እንደሚሆን ታያት። ኮቱን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«እንግዲያውስ አባባ፣ መርፌው የለም ማለት ይቻላል፤ ያለችንን ማሰሪያ የሌለው ውሻ ለነከሰው ነው የምንሰጠው። ውሻውን ፈልጉና አስራችሁ ጠብቁት። የታመመ እንደሆነ ወይ ከሞተ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።»

ጋሼ ማርሽ ከሞት የተረፈ ያህል ተነፈሰ። መንገድ ላይ እየዘፈነ ነው የሄደው።

እሷ ግን እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጥና የያዘችውን ትረሳለች፤ የአንዱን እጅጌ ለሌላው ሸሚዝ ሰፍታ ፈታችው። በበሯ ያለፈ ውሻ ሁሉ ማሰሪያ አድርጎ ያልፋል፤ የሰፋችውን ባየች ቁጥር ጨርቁ የሚስቅባት መሰላት። እብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት እንደሌለው ታውቃለች። ከመጀመሩ በፊት መርፌው ከተወጋ ግን ሰውየው ይድናል። ይህን አውቆ ዝም ማለት ምን እንደሚባልም አላጣችውም፤ ስሙን ለራሷም ቢሆን መጥራት ፈራች እንጂ።

መጀመሪያ በጎን ልትገፋው ሞከረች።

«ጋሼ፣ ለማንኛውም መርፌውን ብትወጋ ምን ይልሃል? ለኔ ብለህ፣ አፈር ስሆን።»

«ልጄ፣ በገዛ ስፌትሽ አታምኝም እንዴ?» አለና ሳቀባት። «ማሰሪያ ካለው አበቃ። ለምስኪን የተቀመጠ መርፌ ነጥቄ የሰው ጦስ ልሸከም?»

እንዲህ አለ እንጂ መርፌውን ፈርቶ መሆኑን እሷም እሱም ያውቃሉ። የሰፋችለት ጨርቅ ከመርፌ ማምለጫ ሆነለት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ላለፈ ላገደመው ሁሉ በፋሻ የታሰረ እጁን እያሳየ፣ «ደግነቱ የተከተበ ነው» ይላል። ሚስቱ በሳህን ሾርባ ላከችላት፤ «ስለ ውሻዋ ተጨንቃ ምግብ ካፏ አልገባም» ብላ። ልብስ ሰፊዋ ሾርባውን ፊቷ አስቀምጣ አለቀሰች።

የቁራጭን ወሬ ያመጣላት የጣውላ መጋዘኑ ዘበኛ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ሞቶ አገኘው። ከመሞቱ በፊት ሰው አላስጠጋ ብሎ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ እንጨት ሲነክስ ነበር አላት። «ማሰሪያውን ባላይ ኖሮ አብዷል እል ነበር» ሲል ጨመረበት።

እየሮጠች ወደ ጋሼ ማርሽ ግቢ ገባች። ባገኘችው ወሬ ተከልላ፣ የራሷን ጥፋት ሳትናገር እሱን ልታድን ነበር ሐሳቧ።

«ጋሼ፣ ቁራጭ ሞተ። ነርሷ ከሞተ ኑ ብላለች። ተነስ እንሂድ።»

ጋሼ ማርሽ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንገቱን ነቀነቀ። «መኪና ገጭቶት ነው። እነዚህ የዛሬ ሹፌሮች! ወይኔ ቁራጭ። እኔን በመንከሱ ተጸጽቶ ነው እኮ ከቤት የጠፋው።»

«አልተገጨም። ለሃጩ...»

«የተከተበ ውሻ አያብድም፣ ልጄ። ሐዘን ነው ያናገረሽ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አላለችም። ሌላ በር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት።

«ጋሼ፣ ቁራጭ አልተከተበም።»

«እሺ፣ እሱ አልተከተበም፣ እኔም መንጃ ፈቃድ የለኝም» ብሎ ከት አለ።

«ማሰሪያውን ሰፍቼ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ክትባት በዓይኑም አላየ። በመጣንበት ሰዓት አልቆ ነበር፤ ሰኞ እወስደዋለሁ ብዬ... አልወሰድኩትም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ቀስ እያለ ወረደ። በደህና እጁ የታሰረውን እጁን ያዘ። ሚስቱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ማማሰያ እንደያዘች ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ነርሷ ስትጠይቀኝ አጠገቤ ነበርሽ» አለ ጋሼ ማርሽ።

«ነበርኩ።»

«ኮቴን ይዘሽልኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

ቢሰድባት፣ ቢያባርራት፣ ዱላ ቢያነሳባት በወደደች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ምን ነበረበት። ሚስቱ ማማሰያውን አስቀምጣ፣ ሻሏን ጣል አድርጋ፣ «ተነስ አንተ ሰው» አለችው። ልብስ ሰፊዋን ዓይኗን አንስታ አላየቻትም። ሁለቱ ሲወጡ እሷ ከኋላ ከኋላ ተከተለች፤ ነይም ተመለሺም ያላት የለም።

ጤና ጣቢያው ያን ቀን ሰው ሞልቶበት ነበር። አግዳሚው ላይ ቦታ ጠፍቶ ግድግዳ የተደገፈው ይበዛል። ነርሷ ጋሼ ማርሽን ስታይ፣ «አባባ፣ ውሻው ተገኘ?» አለችው።

«የዚያን ዕለቱ ተሳስቼ ነው፣ ልጄ» አለ ጋሼ ማርሽ። «የነከሰኝ የሷ ውሻ አይደለም። ባለቤት የሌለው፣ ሜዳ የሚያድር ውሻ ነው። ማሰሪያም አልነበረው። ሽማግሌ ነኝ፣ ተደነጋገረብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። በሕይወቱ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዘወር ብሎ አላያትም፤ ፊቱ አሁንም እንደተቋጠረ ነው። ይቅር ስላላት አልነበረም የዋሸው። ሰው «አስያዛት» እንዳይለው ነው፤ ወይም እንዲያው ከማዳን በቀር ሌላ ስለማያውቅ ነው።

ነርሷ ጥቂት ተመለከተችው። «እሺ፣ ማሰሪያ ከሌለው ዛሬውኑ ትጀምራለህ። ባለቤት ስለሌለው የምንከታተለውም የለም» አለችና መርፌውን ልታዘጋጅ ዞረች።

እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ጋሼ ማርሽ መርፌውን ያገኛል፤ እሷም ከክሱ ታመልጣለች። የጋሼ ማርሽ ውሸት እንደ ብርድ ልብስ ላይዋ ላይ ወደቀ፣ ሞቃትም ነበር። ተጠቅልላበት ወደ ሱቋ መሄድ ትችላለች። ግን የምንከታተለው የለም የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። ቁራጭ ማሰሪያውን አድርጎ የልቡን ሲዞር ነበር። የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ልጆች አንገቱን አቅፈው፣ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ እሱም እነሱም እየነከሱ ሲበሉ ያየቻቸው በቅርቡ ነው፤ መታመም ከመጀመሩ ገደማ። ትንሿ ልጅ ጣቷ ላይ ቁስል ነበራት። ዛሬ ዝም ካለች እነሱን የሚጠይቃቸው የለም።

«እሱ የዋሸው ለኔ ብሎ ነው» አለች።

ጋሼ ማርሽ ዓይኑን ጨፈነ። «ልጄ፣ ተይ።»

«የነከሰው የኔ ውሻ ነው። ሳይከተብ ማሰሪያውን ሰፍቼ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ሞቷል፤ አብዶ ነው የሞተው። የዳቦ ቤቱ ልጆች አብረውት ይጫወቱ ነበር፣ ይላሳቸው ነበር። እባካችሁ እነሱንም ጥሩልኝ።»

ነርሷ ስልኩን አንስታ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች፤ ቀጥላም አንዷን ሠራተኛ ወደ ዳቦ ቤቱ ላከች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ መጣች።

«ስንት ውሻ ላይ ነው እንዲህ ያሰርሽው?»

«የኔው ላይ ብቻ ነው። አንድ ብቻ።»

«በምን ልመን?»

«ሌላውን ሁሉ ለቢሮው መልእክተኛ ነው ያስረከብኩት።»

«አንድም ይሁን መቶ ለኔ ምን ለውጥ አለው?» አለች ነርሷ። አልጮኸችም፤ የደከማት ትመስል ነበር። «ሰው ተነክሶ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ማሰሪያ አለው ወይ ብዬ ነው። አለው ሲለኝ ቁስሉን አጥቤ ወደ ቤቱ እልከዋለሁ። ለሁሉ የሚበቃ መርፌ የለኝማ። ከእንግዲህ አለው ሲለኝ ምን ልበለው? እስኪ አንቺ ንገሪኝ።»

ጋሼ ማርሽ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። መርፌውን ሲያይ ቀለሙ ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደሱ ቀረበች፤ እጁን ልትይዝለት ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በሌላው እጁ ዳበሰና የሚስቱን እጅ አገኘ። ሚስቱ አጥብቃ ያዘችለት። ሲወጋ ድምፁን አላሰማም። ልብስ ሰፊዋ ባዶ እጇን አጣጥፋ እዚያው ቆመች።

ያን ጊዜ ከአግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ተነሳች። ልጇን ታቅፋለች፤ የልጁ ባት በፋሻ ተጠምጥሟል። ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን አንግታ ለመሄድ የተነሳች ሴት ነበረች። ቅድም ነርሷ ቁስሉን አጥባላት፣ ውሻውን ጠብቂ ብላ አሰናብታታለች። ልብስ ሰፊዋ ፊት መጥታ ቆመች። የቁጣ ፊት አልነበረም ያሳየቻት፤ የልመና ነው።

«እህቴ፣» አለቻት፣ «ይህን ልጅ የነከሰው ውሻ ብርቱካናማ ማሰሪያ አለው። ከላይኛው ሰፈር ነው፤ ባለቤቱ ተከትቧል ብሎ ምሎልኛል። ጠርዙ በነጭ ክር ነው የተሰፋው፣ ጫፉ ሦስት ማዕዘን ነው። ያንቺ ሥራ ነው? እውነተኛው ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ልጁን አየችው። አውራ ጣቱን እየጠባ እሱም ያያታል። አዎ እውነተኛው ነው ብትላት ሴትዮዋ እፎይ ብላ ትሄድ ነበር፤ ያን ቃል የምትሰጥበት አንጀት ቢኖራት ምንኛ በወደደች።

«ስፌቱ የኔ ነው» አለች። «ክትባቱን ግን አላውቅም፣ እህቴ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ተመልሳ ሄዳ አግዳሚው ላይ ልጇን እንዳቀፈች ተቀመጠች። ነርሷ መድኃኒት ወዳለበት መደርደሪያ ሄዳ ከፈተችውና የቀሩትን መርፌዎች መቁጠር ጀመረች።